የዘሚካኤል ሦስተኛ ልጅ

በጓሳ አፋፍ የዘሚካኤል ዘር ሁለት ቆጠራ ነበረው፤ አንዱ የወንዶች፣ ሌላው የሴቶች። ወንዶቹ የሚቆጥሩት ለመሬት ነው። አባት ልጁን ከእርሻ ዳር አስቀምጦ ያስጠናዋል፤ ልጁም «ዘሚካኤል ክፍለ ማርያምንና ወልደ ጻድቅን ወለደ» ብሎ ይጀምርና ሳይተነፍስ እስከ ራሱ ይወርዳል። ሴቶቹ የሚቆጥሩት ለጋብቻ ነው፤ ሰባት ቤት ያልሞላው ዘመድ አይጋባምና። ይህን ቆጠራ አማት ለምራቷ ታስተምራለች እንጂ እናት ለሴት ልጇ አትነግርም። ሴት ልጅ ተድራ ወደ ሌላ አጥንት ትሄዳለች፤ የቤቱን ልጆች የምትድረው ከውጭ የገባችው ምራት ናት። በሁለቱ ቆጠራዎች መካከል የነበረው ልዩነት የአንድ ሰው ብቻ ነበር። በወንዶቹ አንደበት ዘሚካኤል ሁለት ልጆች ወለደ፤ በሴቶቹ ሦስት።

እመት በለጠች ሦስተኛውን ስም የሰሙት ለቢራራ ረታ በተዳሩ በዓመታቸው፣ ገብስ እያበጠሩ ሳሉ፣ ከአማታቸው ከእመት ሸጊቱ አፍ ነው። «ይህን ለባልሽ ብትነግሪው ይገድልሻል» አሏቸው አማታቸው። «ለምራትሽ ሳትነግሪ ብትሞቺ ግን እኔው ከመቃብር ተነስቼ እገድልሻለሁ።»

ወንዶቹ እንደሚሉት ዘሚካኤል የጎንደር ነገሥታት ጠብመንጃ ያዥ፣ በጦር ሜዳ ስሙ የተፈራ፣ ንጉሡ «በደምህ ያቀናኸው ነው» ብሎ ጓሳ አፋፍንና ከወንዙ ባሻገር ያለውን ማዶን የሰጠው ጀግና ነበር። ከዚህ ውስጥ እውነቱ ጠብመንጃ መያዙ ነው። ሴቶቹ የሚያውቁት ዘሚካኤል ለታላላቆቹ እንኳ የማትበቃ መሬት ካላት ቤት የወጣ የመጨረሻ ልጅ ነው። የገብስ ቆሎ በአቁማዳ ቋጥሮ፣ በኮሶዬ በኩል አድርጎ ጎንደር ገባ። መጀመሪያ የአንድ መኳንንት በቅሎ አጠበ፤ ቆይቶም በሚነድ ክር የሚተኮስ ጠብመንጃ ተሸከመ። «ክሩ በዝናብ ሲርስ ጠብመንጃው ዱላ፣ ዘሚካኤልም ዱላ ያዥ ይሆን ነበር» ብለው እመት ሸጊቱ ይስቁ ነበር።

አፋፍ ላይ በሥርዓት ያገባት ሚስቱ አስካለ ትባላለች፤ ሁለቱን ወንዶች የወለደችለት እርሷ ናት። ወታደር ግን ከቤቱ ይልቅ በዘመቻ ይኖራል። ከሠራዊቱ ኋላ የወፍጮ መጅና ስንቅ ተሸክመው የሚከተሉ፣ በሰፈሩበት ሁሉ እህል የሚፈጩ ሴቶች ነበሩ። ከእነርሱ አንዷ ሣህሊቱ ነበረች። የማን ልጅ እንደሆነች የጠየቃት የለም። ለዘሚካኤል ሴት ልጅ ወለደችለት፤ ስሟንም ወለተ ሩፋኤል አሏት። ከዚያ በአንዱ ዘመቻ የባሩድ መያዣው ቀንድ እጁ ላይ ፈነዳ። ቀኝ እጁ ተኮማትሮ እንደ ወፍ ጥፍር ሆኖ ቀረ። ጠብመንጃ መያዝ ያልቻለውን ወታደር ጌታው በማግስቱ ረሳው፤ ሣህሊቱ ግን ደግፋ፣ ልጇን አዝላ፣ እስከ አገሩ አደረሰችው።

አስካለ በሯን ለባሏ ከፍታ ለሣህሊቱ ዘጋች። ሣህሊቱም ወንዙን ተሻግራ ማዶ፣ ድንጋይና ጓሳ ብቻ በነበረበት ጠፍ መሬት ላይ ጎጆ ቀለሰች። በዚያ አገር ሴት እርፍ አትጨብጥም፤ ከጨበጠች በረዶ ወርዶ የሰው ሁሉ አዝመራ ይጠፋል ይባላል። ሣህሊቱ እርፉን ጨበጠች። ዘሚካኤል በግራ እጁ በሬዎቹን እየሳበ ከፊት ሄደ፤ እርሷ ከኋላ አረሰች። በረዶ አልወረደም። ገብስ በቀለ፤ ያውም አፋፍ አይቶት የማያውቀው ገብስ።

ዘሚካኤል ሲሞት የአስካለ ልጆች ማዶን «አባታችን በደሙ ያገኘው» ብለው ያዙ። እርፉን የጨበጠችው ሴት ናት ቢባል፣ ያቀናችው እርሷ ናት ሊባል ነው፤ ያቀናችው እርሷ ናት ከተባለ መሬቱ የልጇ ሊሆን ነው። ደግሞም የወታደር ልጆች «አባታችሁ ሴት አርሳ ያበላችው ነው» ከሚባሉ ሞትን ይመርጡ ነበር። ስለዚህ ሣህሊቱ ከቆጠራው ወጣች፤ ወለተ ሩፋኤልም አብራ ወጣች። የወለተ ሩፋኤል ልጆች አያታቸው ባቀናችው መሬት ላይ እኩል አራሽ ሆነው፣ ምርቱን ለአፋፍ እያካፈሉ ኖሩ።

ይህ እንዲሁ ሲወርድ ሲዋረድ ከቢራራ ዘመን ደረሰ። ቢራራ በደባርቅ ችሎት የተፈራ ተሟጋች ነበር። የማዶው ሰው ማሩ ውዱ «ዘሚካኤል የእኔም አባት ነው» ብሎ በከሰሰ ጊዜ፣ ቢራራ ቆጠራውን እንደ ውዳሴ ማርያም አንበልብሎ፣ በመስቀል ምሎ ረታው። ማሩ ስለ ሐሰተኛ ክሱ ድንጋይ ተሸክሞ ከቢራራ እግር ሥር ወድቆ ይቅርታ ለመነ። የአፋፍ ሴቶች እልልታውን አቀለጡት። እመት በለጠች በሩ ላይ ቆመው ዝም አሉ።

«አንቺስ ምነው?» አለ ቢራራ።

«ጉሮሮዬን አሞኛል።»

ቢራራ ሞተ፤ ልጁ ታፈረም ተከተለው። የታፈረ ሚስት ዳባት ሄዳ ሌላ ባል አገባችና ልጇ የሺወርቅ ከእመት በለጠች ጋር ቀረች። ከዚያ አብዮቱ መጣ፤ መሬት ሁሉ የሕዝብ ነው ተባለ፤ ርስትም ቀረ። የማሩ ልጅ አገኘሁ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ሆነ። የቢራራ ታናሽ ወንድም ላቀው ደግሞ ፊውዳል ተባለ፤ ፊውዳልነቱ ሁለት በሬና አንዲት አህያ ከመያዙ በቀር የሚታይበት ነገር ባይኖርም። ጠብመንጃውን ተቀማ፤ በየስብሰባው እየቆመ ራሱን ይሂስ ጀመር። ከተከለከሉት ነገሮች አንዱ ትውልድ መቁጠር ነበር። ትውልድ የቆጠረ ርስት እንደናፈቀ ተቆጥሮ ይጠየቃል።

በ1972 ዓ.ም. የሺወርቅና የአገኘሁ ልጅ አለነ በመሠረተ ትምህርት ጣቢያ አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ፊደል ቆጠሩ። ከፊደል አልፈው መተያየት ጀመሩ። ወሬው ሲሰማ ደስ ያላለው አልነበረም። አገኘሁ የልጁን ደስታ ወደደ። ላቀው ከሊቀመንበሩ ጋር ከተጋባ ከእንግዲህ ማንም ፊውዳል ብሎ እንደማያስነሳው አሰበ። ከሁሉ ይልቅ ከደባርቅ የሚመላለሰው ካድሬ፣ ጓድ ኪዳነ፣ ነገሩን ለአካባቢው ሁሉ አርአያ ሊያደርገው ተነሳ። የበዝባዥ የልጅ ልጅና የጭሰኛ ልጅ በማኅበሩ አዳራሽ፣ በቀይ ባንዲራ ሥር ይጋባሉ!

እመት በለጠች ግን አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ። «ተቆጥሯል ወይ?» ባይቆጠር ልጅቷን ለደሟ ሊሰጡ ነው፤ ቢቆጠር ደግሞ የቢራራ መሐላ ሐሰት ሊባል፣ ሠርጉ ሊፈርስ፣ እርሳቸውም ሊታሰሩ ነው። ይህን ሁሉ አሰቡት። አስበው ሲጨርሱም ነጠላቸውን አጣፍተው ጠበቁ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የማዶ ሽማግሌዎች በላቀው ግቢ ተቀመጡ። አገኘሁ መጥቷል፤ የማሩ ሚስት የነበሩት እናቱ እመት ደብሪቱም ወንዙን ተሻግረዋል። ካድሬው በክብር ስፍራ ነው። ሽማግሌዎቹ ልጅቷን በጠየቁ ጊዜ ላቀው «ሰጥተናል» ሊል አፉን ሲከፍት፣ እመት በለጠች ከጓዳው በር ተናገሩ።

«ገና አልተቆጠረም።»

«እቴ በለጠች፣ ምን የሚቆጠር አለና ነው?» አለ ላቀው ፈገግ ለማለት እየታገለ። «እነርሱ ማዶ፣ እኛ አፋፍ!»

«የምንቆጥረው ወንዙን ልንለካ አይደለም።»

ጓድ ኪዳነ ጉሮሮውን ጠረገ። «እናት፣ ትውልድ ቆጠራ ቀርቷል። ትውልድ የሚቆጥር ሰው መሬት የሚናፍቅ ነው።»

«መሬቱን ወስዳችኋል፤ ይመቻችሁ። እኔ የምቆጥረው ለማኅፀን ነው። ስምህን ማን ነበር ያልከው ልጄ?»

«ኪዳነ።»

«ኪዳነ ብቻ? እናትህ ግማሹን ነው ያወጣችልህ?»

ከማዶ ሽማግሌዎች አንዱ ሳቁን በሳል ሸፈነው። ካድሬው አቀረቀረ። «ኪዳነ ማርያም» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«እንግዲህ ኪዳነ ማርያም፣ አንተም ሚስት ስታገባ እናትህ ሳትቆጥር አትቀርምና ተቀመጥ።»

ላቀው ነገሩን በቶሎ ሊያሳርግ ተነሳ። «እኔው ልቁጠርና ይለቅ! ክፍለ ማርያም ድንቁን፣ ድንቁ ገብረ ሕይወትን፣ ገብረ ሕይወት ረታን፣ ረታ ቢራራንና እኔን፣ ቢራራ ታፈረን፣ ታፈረ የሺወርቅን። ከዘሚካኤል ሰባት ቤት ሞላ። ማዶ የቱ ላይ አለ? የለም!»

«ይህ የችሎቱ ነው። የቤቱን እኔ ልቁጠር» አሉ እመት በለጠች። «ዘሚካኤል ከአስካለ ሁለት ወለደ፤ ከሣህሊቱ አንድ። ስሟ ወለተ ሩፋኤል ነው። ማዶ ያለው እዚያ ላይ ነው።»

እመት በለጠችም ከባሩዱ ቀንድ ጀምረው እስከ እርፉ ድረስ፣ ድምፃቸውን ሳያነሱና ሳይጥሉ ተናገሩት።

ላቀው «እርስዎ» ማለቱን ረሳው። «ሴት አረሰች ትያለሽ? የእኛ አባት፣ የንጉሥ ወታደር፣ ሴት አርሳ ያበላችው ነው ትያለሽ?»

«አዎን፣ አበላችው። አንተም ሽበት እስክታወጣ የበላኸው እርሷ ካቀናችው ነው።» ከዚያ ወደ እመት ደብሪቱ ዞሩ። «ደብሪቱ፣ የእኔ ጣት ከወለተ ሩፋኤል ላይ ይቆማል። ከእርሷ በታች ያለውን የምታውቀው ያንቺ አማት እንጂ የእኔ አማት አይደለችም። ቁጠሪ።»

«ቁጠሪ?» አሉ እመት ደብሪቱ። «ማሩ ቆጥሮ ምን አገኘ? ድንጋይ! ያ ሰው እስኪሞት አንገቱን ቀና አላደረገም። ዛሬ ልጄ ሊቀመንበር ሲሆን ነው ዘመድነት ያማረሽ?»

«አላማረኝም። ሰባት ቢሞላ ቀድሜ እልል የምለው እኔ ነኝ። ካልሞላ ቀድሜ የምከለክለው እኔ ነኝ። ባሌ በሐሰት ምሎ ነበር። እርሱ አፈር ለብሷል፤ እኔ ግን አልሞትኩም።»

እመት ደብሪቱ እጃቸውን ነጠላው ውስጥ ከተቱ። «ያን ቀን» አሉ፣ «የአፋፍ ሴቶች እልል ሲሉ ደጄ ላይ ቆሜ አደምጥ ነበር። እልልታሽን አውቀዋለሁ፤ በየጥምቀቱ ሰምቼዋለሁ። ያን ቀን አልነበረም።»

«ጉሮሮዬን አሞኝ ነበር።»

«ውሸታም!» አሉ እመት ደብሪቱ፤ ጣቶቻቸውንም ከነጠላው ውስጥ አወጡ። «ወለተ ሩፋኤል፣ አንድ። ልጇ ንጉሤ፣ ሁለት። ንጉሤ ሚስቶቹን ሁሉ ቀብሮ በስተርጅናው ውዱን ወለደ፤ ሦስት። ውዱ ማሩን፣ አራት። ማሩ አገኘሁን፣ አምስት።» ወደ ሌላው እጃቸው ሲሻገሩ ድምፃቸው ሰለለ። «አለነ።» ጣቱን አጥፈው ያዙት። «ስድስት።»

በአንዱ ወገን ሰባት፣ በሌላው ስድስት ቢሆን አጭሩ ወገን ጋብቻውን ይከለክላል። ይህን የማያውቅ በግቢው ውስጥ ካድሬው ብቻ ነበር፤ እርሱም ከሰዉ ፊት አነበበው። ከጓዳው ውስጥ የሺወርቅ «አያቴ! ምን አደረግሽኝ!» ብላ ጮኸች። እመት በለጠች አልዞሩም።

ካድሬው ተነስቶ ቆመ። «አብዮቱ ሰባት ቤት አያውቅም! ጓድ ሊቀመንበር፣ ሠርጉ ይቀጥላል በል።»

አገኘሁ ካድሬውን አላየውም። «እናቴ» አለ፣ «አባቴ ድንጋይ የተሸከመው ይህን ስም ብሎ ነበር?»

«ይህንኑ ስም ብሎ ነው።»

«እንግዲህ ጓድ ኪዳነ» አለ አገኘሁ ቀስ ብሎ፣ «ስሙን ብቀበል ልጄን ለእህቱ መዳሬ ነው። ስሙን ብክድ አባቴን በመቃብሩ ድንጋይ ላሸክመው ነው። አልድርም።»

ሊቀመንበሩን ማሰር ለካድሬው አልተመቸውም፤ አሮጊት ማሰር ግን ይመቻል። እመት በለጠችን በዚያው ቀን በሁለት ታጣቂ አስነድቶ ደባርቅ አወረዳቸው፤ እህል በወጣበት መጋዘን ውስጥም አስቀመጣቸው። እየመጣ ይጠይቃቸዋል፤ አንዳንዴ በቁጣ፣ አንዳንዴ በልመና።

«እማማ፣ ‹ጋብቻውን ለማደናቀፍ የፈጠርኩት ነው› ይበሉና ዛሬውኑ ቤትዎ ይግቡ።»

«እኔ ሰው አልፈጥርም። የሚፈጥር ሌላ ነው።»

«ለሁለት መቶ ዓመት ሬሳ ብለው የቆመ ሠርግ አፈረሱ!»

«ሬሳዋን አይደለም፤ ስሟን ነው። መሬቷን አባቶቻችን ወሰዱ፤ ከእነርሱ ደግሞ እናንተ ወሰዳችሁ። የቀራት ስሟ ነው። እርሱን ደግሞ ለማን ልታከፋፍለው ነው?»

ካድሬው በመጨረሻ በሕዝብ ፊት ሊያስወግዛቸው ወሰነ። በዓቢይ ጾም መግቢያ፣ አፋፍና ማዶ በጠቅላላ በወንዙ ዳር ሜዳ ተሰበሰቡ። ነፋሱ ከሊማሊሞ በኩል ሽቅብ ይገርፋል። እመት በለጠች ከፊት ቆሙ፤ መጋዘኑ አክስቷቸዋል እንጂ አላጎበጣቸውም።

«ውሸት መሆኑን ለሰፊው ሕዝብ ይግለጹ» አለ ጓድ ኪዳነ።

«እገልጻለሁ። ውሸቱ ይህ ነው፤ ‹ዘሚካኤል ሁለት ልጅ ወለደ።› ይህን ውሸት ረታ ምሎበታል፤ ቢራራ ምሎበታል። ከውሸቱ ጋር የበላሁትን እንጀራ አልክድም፤ በልቻለሁ። እውነቱ ደግሞ ይህ ነው፤ ሦስት ወለደ። ሣህሊቱ እርፍ ጨብጣ ይህን ማዶ አቀናች፤ በረዶም አልወረደም። የጨመርኩትም የቀነስኩትም የለም። ከዚህ በላይ የምትፈልጉ ከሆነ፣ ደብሪቱ እዚያ ተቀምጣለች፤ ጣት አላት።»

«አራት ጣት ትርፍ አለኝ!» አሉ እመት ደብሪቱ ከሰው መሀል። ሜዳው በሳቅ ተናወጠ።

ካድሬው እጁን አንስቶ ጸጥታ ጠየቀ። «ይህ ንግግር አድኃሪ ነው ብሎ የሚያወግዝ እጁን ያውጣ!»

አገኘሁ እንደ ሊቀመንበርነቱ ሊቆጥር ተነሳ። የማዶ ሰዎች እጃቸውን በጋቢያቸው ውስጥ ቀብረው ተቀምጠዋል። የአፋፍ ሰዎችም መሬት መሬት ያያሉ። ከዚያ ከኋላ በኩል አንድ እጅ ቀስ ብሎ ወጣ።

የላቀው ነበር። ሴት ያረሰችለት ወታደር ልጅ ከመባል ከአብዮቱ ጋር መቆም ተሻለው።

«አንድ» አለ አገኘሁ ጮክ ብሎ። «ይመዝገብ ጓድ? አብዮቱን ደግፎ እጁን ያወጣው ላቀው ረታ፣ ቀድሞ በፊውዳልነት የተወገዘው።»

ካድሬው ያንን እጅ ተመለከተው። ይህ በጽሑፍ ወደ በላይ አካል ቢሄድ ምን እንደሚመስል ለማሰብ ጊዜ አልፈጀበትም።

«እጅዎን ያውርዱ!» አለ በቁጣ። ወደ እመት በለጠችም ዞረ። «ቤትዎ ይግቡ።»

«የት እንደምገባ አውቃለሁ» አሉ እመት በለጠች።

የሺወርቅ ይቅር አላለቻቸውም። በዚያው ሰሞን ልብሷን ቋጥራ ወደ እናቷ ወደ ዳባት ሄደች፤ በር ላይ ቆማም «ለሞተች ሴት ብለሽ የእኔን ቤት አፈረስሽ» አለቻቸው። እመት በለጠች ልጅቷ ዳገቱን እስክትወርድ አይተው ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ይቅርታ አልጠየቁም፤ ሌሎች ሊያስታርቁ ሲመጡም «የሚታረቅ ነገር አልሠራሁም» ብለው መለሱ።

ከሁለት ክረምት በኋላ ከዳባት አንድ ነጋዴ መጣ። የሺወርቅን የሚጠይቅ ሰው ተገኝቷል፤ የልጁ አያት በዚሁ በደጋው፣ በአምባራስ በኩል ናቸውና ዝምድና እንዳይኖር ያሰጋል፤ የሺወርቅም «አያቴ ሳትቆጥር እሺ አልልም» ብላ መልእክት ሰዳለች።

እመት በለጠች መልእክቱን ቆመው ሰሙ። ፊታቸው ላይ የተለወጠ ነገር አልነበረም።

«የልጁ እናት ትምጣ» አሉት። «ጭነቷን ሳትፈታ፣ ደጄ ላይ ቆማ፣ መጀመሪያ እርሷ ትቁጠር።»